ስለ ሞተር መጋል፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ለሚመላለሱ አሮጌ መኪኖች

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ከፍታቸውና ዝቅታቸው እጅግ የተራራቀ አገር ናቸው። ማህል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር አልፎ በውርጭ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ የጀማ ወንዝ ግን በለሚና በዓለም ከተማ መካከል በጥልቅ ቆላ ይፈሳል፤ ከለሚ አፋፍ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል። በምሥራቅ በኩልም ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና አልፎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ከ1300 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ3000 ሜትር በላይ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ዐቀበት በአንድ ጉዞ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭንም ሐሩርንም ያያል፤ በሜዳ አገር ከሚሠራው ይልቅም ሞተሩ ለመጋል የቀረበ ነው።

ለእንዲህ ያለው መንገድ የሚስማማው አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ነው። ከእነዚህም መኪኖች መካከል እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ላንድ ሮቨርና በ1977 ዓ.ም. በጃፓን አገር የወጣው ባለ 70 ቍጥሩ ላንድ ክሩዘር በጥንካሬያቸው የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ጥንካሬያቸው ሁሉ ውኃቸው በልኩ እስካለ ድረስ ነው። ውኃው ያለቀበት ሞተር አንድ ዐቀበት ሳይጨርስ ራሱ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

የዚህም ጉዳት በመኪናው ባለቤት ብቻ አይቀርም። ብዙዎቹ የከብትና የበግ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሊጠበቁ ይገባል። ክትባት የጫነ መኪና በጀማ በረሃ እኩለ ቀን ላይ ቢቆም፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ መድኃኒቱም ይበላሻል፤ በጎቹን አሰልፎ የሚጠብቀው ባላገርም በከንቱ ውሎ ይመለሳል። የበልግ ዘር የጫነ ቢሆን ዝናቡ መኪናውን አይጠብቅም። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ቢሆን ደግሞ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሹማምንትንና ባለ መኪኖችን መካኒክ ለማድረግ አይደለም፤ ሞተሩ ሲግል ምን መጠየቅ፣ ምንስ ማዘዝ፣ ከምንስ መከልከል እንደሚገባቸው ለማስረዳት ነው።

ሞተር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ

ናፍጣ ወይም ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲነድ ከሚገኘው ኀይል ጎማውን የሚያዞረው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ሙቀት አንዱ ክፍል ከጭሱ ጋራ ይወጣል፤ ሌላውን ክፍል ውኃ ተሸክሞ ማውጣት አለበት። ውኃውን ፖምፓ ይገፋዋል፤ በሞተሩ ብረት መካከል በተበጀለት መንገድ ይዞራል፤ ከዚያም በላይኛው የላስቲክ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ራዲያተሩ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች የተደረደሩበት ዕቃ ነው፤ ማራገቢያው በመካከላቸው ነፋስ ሲያሳልፍ ውኃው ሙቀቱን ለነፋሱ ሰጥቶ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ፖምፓውንና ማራገቢያውን የሚያዞራቸው ቺንጋ የሚባለው የላስቲክ ጠፍር ነው። በመንገዱም ላይ ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ፤ ይህ በር ውኃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይከፈታል።

እንግዲህ ሞተር ከመጠን በላይ የሚግለው ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ሲተው ነው፤ ወይ ውኃው ጎድሏል፣ ወይ ውኃው አይዞርም፣ ወይ ነፋሱ አያልፍም፣ ወይም ከሞተሩ ውስጥ የማይገባ እሳት ወደ ውኃው ይገባል። መፍላቱ በሽታው አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው። ውኃ ጨምሮ መሄድም ትኩሳት ለያዘው ሰው ቀዝቃዛ ውኃ አጠጥቶ መንገድ እንደ መስደድ ነው፤ ለጊዜው ያበርዳል እንጂ አያድንም።

የደጋው ከፍታ የሚያመጣው ልዩነት

በማህል ሜዳ ባቄላ የምትቀቅል ሴት በሸዋ ሮቢት ከምትቀቅለው ይልቅ ረጅም ጊዜ ታነዳለች። ምክንያቱ የማገዶው ድካም አይደለም። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ1300 ሜትር ከፍታ በ96 ገደማ፣ በ3000 ሜትር ከፍታ ግን በ90 ገደማ ይፈላል። በደጋ ያለው አየር ስስ ስለ ሆነ ውኃውን የሚጫነው ኀይል ያንሳል፤ ስለዚህ ውኃው አብዝቶ ሳይግል ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ባቄላውም የሚበስልበት ሙቀት ያንሰዋል።

በመኪና ላይ ይህ ነገር ከባድ ትርጉም አለው። ሞተሩ በደኅና ሲሠራ ውኃው ከ80 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በዐቀበት ላይ 90 እና ከዚያም በላይ ቢደርስ አያስደንቅም። እንዲህ ከሆነ በመንዝ ያለ ሞተር ሁሉ ሳይበላሽ ሊፈላ ይገባው ነበር። ይህን የሚከለክለው በራዲያተሩ አናት ላይ ያለው ክዳን ነው። ክዳኑ በምንጭ ብረት የሚጫን ስለ ሆነ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል፤ የታፈነ ውኃም ዘግይቶ ይፈላል። በላንድ ክሩዘር ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው 0.9 የሚለው ቍጥር የዚህ ጫና ልክ ነው። ደኅና ክዳን ያለው ራዲያተር በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ ውኃው 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ወይም ምንጩ የላላ ክዳን ያለው ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ በደጋ አገር ሞተሩ ያለው የ20 ዲግሪ መጠባበቂያ በሙሉ በዚህች ትንሽ ክዳን ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ክዳን ጠፍቶበት በጨርቅ ወይም በእንጨት የተደፈነ ራዲያተር ይዞ የጣርማ በርን ዐቀበት የሚጀምር ሰው ሞተሩን አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቍጠረው።

ሁለተኛው ልዩነት የነፋሱ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ አንድ ቁና አየር በባሕር ወለል ካለው ክብደቱ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ይክሰዋል፤ በመንዝ ሜዳ ላይ ደካማ ራዲያተር ሕመሙን ሸሽጎ የሚኖረውም ስለዚህ ነው። ያው መኪና ወደ ጀማ ወርዶ በቀትር ፀሐይ፣ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ ሲወጣ ግን የተሸሸገው ሁሉ ይገለጣል። ነጂዎች ብዙ ጊዜ «በረሃው አጋለው» ይላሉ፤ ነገር ግን በረሃው የቆየውን ሕመም አሳየ እንጂ ሕመሙን አላመጣም።

ምልክቱ በመንገድ ላይ ሲታይ

የሙቀት መለኪያው መርፌ ከተለመደው ቦታው ከፍ ማለት ሲጀምር ነጂው መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ማቆም ይገባዋል። እንፋሎት ካልታየና ቺንጋው ካልተበጠሰ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ያለ ጭነት በቀስታ እንዲዞር ይተወው፤ የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ይክፈተው፤ ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ሙቀት ይቀንሳልና። መርፌው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ፣ ወይም እንፋሎት ከታየ፣ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገሮች የተከለከሉ ናቸው። አንደኛ፣ የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈት። ታፍኖ የነበረው ውኃ ክዳኑ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይወረወራል፤ ፊትንና ዐይንን ያቃጥላል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ጠብቆ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ መለስለሱን አይቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ይዞ በቀስታ መክፈት ነው። ሁለተኛ፣ ውኃው ባለቀበት በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር። የጋለ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ የሞተሩም ብረት እንዲሁ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ «ጥቂት ነው የቀረን፣ ንዳ» ማለት። ይህ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነጂው ሳይሆን ከኋላው ወይም ከጎኑ ከተቀመጠው ሹም ነው፤ ለአንድ ሰዓት ችኮላም የብዙ ወር አገልግሎት ይከፈልበታል።

ምክንያቱን ስለ መመርመር

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነጂው ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ጋለ?» የሚል ሳይሆን «መቼ ጋለ?» የሚል ነው። ጊዜው ምክንያቱን ይጠቁማልና።

መኪናው ቆሞ ሳለ ወይም በዝግታ ሲሄድ ብቻ የሚግል፣ በሜዳ ላይ ፈጥኖ ሲሄድ ግን የሚበርድ ከሆነ፣ ጉድለቱ የማራገቢያው ነው። በሜዳ ላይ ነፋሱን የሚያመጣው የመኪናው ፍጥነት ስለ ሆነ የማራገቢያው ስንፍና አይታወቅም። አስቀድሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ነው፤ ከአንድ ጣት ስፋት በላይ የሚረግብ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይንሸራተታል። ቺንጋው ደኅና ሆኖ ማራገቢያው በጋለ ሞተር ላይ በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚዞር ከሆነ፣ ከመካከሉ ያለው ማያያዣ ደክሟል። ይህም የሚሞከረው ሞተሩ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

በተቃራኒው በዝግታ ደኅና ሆኖ በረጅም ዐቀበት ወይም በፍጥነት የሚግል ከሆነ፣ ራዲያተሩ ተደፍኗል ብሎ መጠርጠር ይገባል። መደፈኑም ሁለት ዓይነት ነው። የውጭው በዐይን ይታያል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የመውቂያ ወራት በአውድማ አጠገብ የሚያልፍ መኪና እብቅና ገለባ ይሞላበታል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ ይለጠፍበታል። ይህን በለስላሳ ውኃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ይበቃል፤ በኀይለኛ ውኃ ማጠብ ግን ክንፎቹን ያጣጥፋል። የውስጡ መደፈን በእጅ ይታወቃል፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው በማይደርስበት በኩል የራዲያተሩን ፊት ቢዳስሱት፣ የተደፈነው ቦታ ከሌላው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ይገኛል። የአሮጌ መኪኖች ራዲያተር ብዙ ጊዜ ከመዳብና ከናስ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ዐዋቂ ሠራተኛ ፈትቶ ቧንቧዎቹን በቀጭን ዘንግ ሊጠርግና መልሶ ሊበይደው ይችላል።

ጧት ከተነሣ ብዙ ሳይቆይ የሚግል ከሆነ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ መንካት ነው። መርፌው ከፍ ብሎ ሳለ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። የተጠረጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ በድስት ውኃ ውስጥ ማፍላት ጥሩ ፈተና ነው፤ ውኃው ሳይፈላ ሊከፈት ይገባዋል። በመንዝ ውኃው በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ግን አይረሳ፤ በ88 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት በዚያ ድስት ውስጥ ጥቂት ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ተብሎ አይጣል።

ውኃው በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ መሬቱን ማየት ነው። መኪናው ባደረበት ቦታ እርጥበት ካለ ቱቦዎቹን፣ ማሰሪያዎቻቸውንና በፖምፓው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ መመርመር ይገባል፤ ከዚያች ቀዳዳ ውኃ መንጠብ ፖምፓው ሊያልቅ መድረሱን ይናገራል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ ውኃው የሚጎድል ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። የሞተሩን ራስ ከግንዱ ጋራ የሚያገጣጥመው፣ መካኒኮች ጋርኒሲዮን የሚሉት መድፈኛ ተቃጥሎ ይሆናል። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ ከቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክዳኑ ተነሥቶ ሞተሩ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ከተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ቱቦው ድንጋይ ሆኖ ይጠነክራል፤ ወይም ከሞቀ በኋላ እንኳ ነጭ እንፋሎት ከጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ከእነዚህ አንዱ የታየበት መኪና ጋራዥ ይገባል እንጂ ወደ ጀማ አይላክም።

ሞተሩ በርዶ ካደረ በኋላ የላይኛው ቱቦ ተጨፍልቆ ከተገኘ ክዳኑ መተንፈስ አቅቶታል፤ ይለወጥ። መርፌው ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ ብርድ ከወረደም ደስ አይበል፤ ምናልባት ውኃው ሁሉ አልቆ መለኪያው የሚነካው አጥቶ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መለኪያው የማይሠራ መኪናም ሕመሙን የሚናገርበት አፍ የለውም። ስለዚህ የተበላሸ መለኪያ እንደ ትንሽ ነገር አይቈጠር።

ስለ ውኃው ዓይነትና ስለ ቴርሞስታት ማውጣት

ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውኃ ደለሉን በቧንቧዎቹ ውስጥ ይተዋል፤ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ የምንጭ ውኃም በማንቈርቈሪያ ውስጥ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። በመንገድ ላይ ሌላ ከታጣ በጨርቅ አጥልሎ መጨመር ይቻላል፤ ሲመለሱ ግን ማጠብ ይገባል። ለዘወትር የሚሻለው ንጹሕ የዝናብ ውኃ ወይም የተጣራ ውኃ ከኩላንት ጋራ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ነው። ይህ ድብልቅ ሦስት ጥቅም አለው፤ ዝገትን ይከለክላል፣ የመፍላቱን ልክ ጥቂት ከፍ ያደርጋል፣ በመንዝና በግሼ የውርጭ ሌሊትም እንዳይረጋ ይጠብቃል። ውኃ ሲረጋ ስለሚሰፋ የሞተሩን ግንድ ሊሰነጥቅ ይችላልና።

አንዳንድ ነጂዎች «እንዳይግል» ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይህ በደጋ አገር ስሕተት ነው። በር የሌለው ሞተር በጧት ብርድ ሳይሞቅ ብዙ ይጓዛል፤ ናፍጣ ያባክናል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ሞተሩንም ያለ ጊዜው ያስረጃል። እንዲያውም በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውኃው በአቋራጭ ተመልሶ ወደ ራዲያተሩ ስለማይደርስ መጋሉ ይብሳል። የተበላሸውን በር መለወጥ እንጂ በሩን ነቅሎ መጣል መድኃኒት አይሆንም።

ከሹማምንት የሚጠበቀው

የወረዳ ሹም መፍቻ መያዝ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን አራት ነገሮችን ቢያዝዝ ከብዙ ጉዳት ይድናል። መጀመሪያ፣ መኪናው በየጧቱ ሞተሩ ሳይነሣ ውኃው፣ ዘይቱና ቺንጋው እንዲታይ፣ የተጨመረውም ውኃ ልኩ በመዝገብ እንዲጻፍ። በመዝገብ የተጻፈ ውኃ ራሱ መርማሪ ነው፤ በሳምንት አንድ ሊትር ይጨመርለት የነበረ ራዲያተር በቀን አንድ ሊትር መጠጣት ሲጀምር ጋርኒሲዮኑ ሳይቃጠል ይደረስበታል። ሁለተኛ፣ በመኪናው ውስጥ ሁልጊዜ 10 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ አንድ ቺንጋ፣ አንድ ክዳን፣ አንድ የላይኛ ቱቦና ማሰሪያዎች እንዲኖሩ። ሦስተኛ፣ ከጀማም ሆነ ከሸዋ ሮቢት የሚወጣ የተጫነ መኪና በተቻለ መጠን ዐቀበቱን በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደ በኋላ እንዲጀምር፤ ክትባት የያዘ ከሆነማ ይህ ግዴታ እንዲሆን።

አራተኛውና ዋነኛው ነጂው ሳይፈራ የሚያቆምበትን ፈቃድ መስጠት ነው። መርፌው ሲወጣ አይቶ መኪናውን ያቆመ ነጂ ዘገየህ ተብሎ ከተቈጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መርፌውን አይቶ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እስከ ዐቀበቱ አጋማሽ ይዘልቃል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ክዳን ዋጋ አይደለም፤ ሞተሩ ነው። ሞተሩ እስኪሠራም የወረዳው ክትባት፣ ዘርና በሽተኛ በእግርና በበቅሎ ይቀራሉ። ስለዚህ «ሞቋል፣ እናቁም» የሚል ነጂ ያለው ሹም ይህን ነጂ እንደ ታማኝ አገልጋይ ይቍጠረው፤ ግማሽ ሰዓትም ከእርሱ ጋራ በጥላ ሥር ቢቀመጥ አይክፋው።